ጠመኔ ያለበት ይበየዳል

የልጅ ልጄ ግቢዬ ውስጥ መኪና ፈታ። በሮቹ በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፣ መቀመጫዎቹ ሳሎን ገብተዋል፣ መሪው ደግሞ እንዴት እንደደረሰ እንጃ እንጂ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ከድስቶቼ ጎን ተቀምጧል። መኪናዋ ከእሱ በሠላሳ ዓመት ትበልጣለች። እሱ "ክላሲክ" ይላታል፤ እኔ አሮጌ እላታለሁ። ራሴም አሮጌ ስለሆንኩ ስድብ አይደለም።

ሠርቶ ሲጨርሳት ሊሄድባት ነው። ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቷል። መንገዱ ከጠዋት እስከ ማታ ያስኬዳል፣ ግማሹ ጠመዝማዛ ነው፣ እሱ ደግሞ ቁርስ ሳይበላ የሚወጣ ልጅ ነው። እኔ ደረጃ ሲወርድ እንኳ ልቤ የሚንጠለጠል ሰው ነኝ።

ትናንት ከጓደኛው ጋር በስልክ ሲከራከር ሰማሁት። "የቦዲዋን መጋጠሚያ በሙሉ ላስበይደው ወይስ ፋብሪካው እንደሠራው ልተወው?" ይላል። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ጣልቃ መግባት አልፈለግኩም፤ ገባሁ።

"ተው ልጄ፤ አራት ቦታ ብቻ ይበቃታል።"

ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየኝ። "አያቴ፣ አንቺ ደግሞ ስለ ብየዳ ምን ታውቂያለሽ?"

ምን አውቃለሁ! የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት መኪና ከወለል እስከ ጣሪያ ያስበየድኩ እኔ ነኝ። ቢያንስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያ አምኜ ኖሬያለሁ።

ያቺኛዋ መኪና የሟች አያቴ ነበረች። እሱ ከሞተ በኋላ ለስድስት ዓመት ግቢያችን ጥግ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ቅጠል እየለበሰች፣ የሰፈሩ ድመቶች እየወለዱባት ኖራለች። በሯ ሲከፈት የቆዳ፣ የቤንዚንና የአያቴ ትምባሆ ሽታ ባንድ ላይ ይወጣል። ማንም አይነካትም ነበር። ኋላ የአክስቴ ጉዳይ መጣ።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የጽሕፈት ትምህርት ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ታላቅ ወንድማቸው ሩቅ ከተማ ይኖራል፤ "መሥሪያ ቤታችን የጽሕፈት ሥራ አግኝቼላታለሁ፤ ከወሩ መጀመሪያ በፊት ትድረስ፤ ከዘገየች ለሌላ ይሰጣል" ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው ሲነበብ ሁሉም አጨበጨበ። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው ሴት አያቴ ነች። ቤቱ ሁሉ እማማ የሚላት፣ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በስጋት ደግሞ አቻ አልነበራትም። እኔ ከእሷ የወረስኩት መቀሷንና ስጋቷን ነው።

"በአውቶቡስ ትሂዳ" አለ አባቴ።

"ልጄን? በአውቶቡስ?" አለች እማማ። "ሹፌሩን አውቀዋለሁ? እናቱን አውቃታለሁ? ይተኛ ይንቃ አውቃለሁ?"

"እንግዲያው በአባባ መኪና እኔው አደርሳታለሁ።"

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ኮቱ ኪስ ውስጥ ጠመኔ አይጠፋም። ተማሪዎቹ "በአንድ በኩል" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ ምክንያቱም ምንም ቢጠየቅ "በአንድ በኩል እንዲህ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ" ሳይል አይመልስም። እናቴ ሆስፒታል ነርስ ነበረች፤ ቀን ቀን ቤት የለችም። ለዚህ ነው በዚህ ታሪክ ውስጥ የሌለችው። ብትኖርበት ኖሮ ታሪኩም ባልኖረ።

መኪናዋን እንዲያይ ጋሽ መዶሻ ተጠራ። ጋሽ መዶሻ የሰፈሩ አንጋፋ ባትላሜራ ነበር፤ የተጋጨና የተጨማደደ መኪና እየቀጠቀጠ የሚያቃና ሽማግሌ። መዶሻውን ኮቱ ኪስ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን። መኪናዋን ዞራት። እዚህም እዚያም በጣቱ አንጓ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ሥሯ ገብቶ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ እግሩ ብቻ ይታየን ነበር። ሲወጣ አቧራውን አራግፎ ፍርዱን ሰጠ።

"የዛገው ይቆረጣል፤ በአዲስ ላሜራ ይተካል። ከኋላ ሞላው፣ ባሌስትራው፣ የሚታሰርበት ሁለት ቦታ፣ ከፊት ሁለት ቦታ፣ ተጨማሪ ብየዳ ያስፈልጋታል። አለበለዚያ በዚያ መንገድ ትሰነጠቃለች።"

"ትሰነጠቃለች?" እማማ ደረቷን ያዘች። "ታዲያ አራት ቦታ ምን ይሠራላታል? ሁሉንም በይዱት! አንድም ክፍት እንዳትተዉ!"

"አይሆንም እትዬ። ይቺ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ላሜራዋ የተያያዘው በነጥብ በነጥብ ነው፤ ቁልፍ እንደተደረደረበት ሸሚዝ ያድርጉት። መንገዱ ሲያንገላታት በነጥቦቹ መሃል ትንሽ እጥፍ ዘርጋ ትላለች። መጋጠሚያዋን ሁሉ ከበየዱት ግን ደረቅ ትሆናለች።"

"እኔን ሸሚዝ ታስተምረኛለህ? አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ! ስፌት የማበዛው እንዳይተረተር ነው።"

"ስፌቱማ አይተረተርም፤ እውነትዎን ነው። ግን ስፌት ሲበዛ የሚቀደደው የቱ ነው?"

እማማ የሽርጧን ጫፍ አገላበጠች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ከስፌቱ ጎን ያለው ጨርቅ ነው። አያት ሲሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ደግሞ ግጭት ቢመጣ..." አለ ጋሽ መዶሻ።

"ክፉ አታውራ!"

"ቢመጣ ነው ያልኩት። ላሜራው ተጨማድዶ ነው ሰውን የሚያተርፈው። እንደ ካዝና ካደረጓት እሷ ምንም አትሆንም፤ የሚጨማደደው ውስጥ ያለው ሰው ነው።"

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "በአንድ በኩል እማማ ልክ ናት። በሌላ በኩል ጋሼ ልክ ናቸው።"

"አንተ ልጅ፣ ዛሬ አንድ በኩል ብቻ ተናገር!" አለች እማማ።

አራት ቦታ ተባለ። አባቴ ማስመሪያ ከቤት አስመጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ነጭ ጠመኔውን አውጥቶ አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመረ። ጋሽ መዶሻ በማግስቱ አንድ ወጣት በያጅ ይዞ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ የተረጨበት ልጅ ነበር። ጋሽ መዶሻ መስመሮቹን አሳየውና ጣቱን አነሣበት።

"እኔ ሌላ ቦታ የተገለበጠ አውቶቡስ የማቃናበት ሥራ አለኝ፤ በአራት ሳምንት እመለሳለሁ። ጠመኔ ያለበት ይበየዳል፤ ጠመኔ የሌለበት አይነካም። ገባህ?"

"ገባኝ ጋሼ።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?" አለች እማማ።

በያጁ ሊመልስ አፉን ሲከፍት አክስቴ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ከቤት ወጣች። በያጁ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"አራት ቀን" አለ ጋሽ መዶሻ በእሱ ፈንታ።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። ትሰነጠቃለች። ዳቦ ሲቆረስ አይቻለሁ፤ መኪናም እንደዚያ ነው የሚሆነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ከፊት ተቀምጦ ይነዳል፤ እማማ ፊት መቀመጫ ለሴት ልጅ አደጋ ነው ስለምትል አክስቴ ከኋላ ትቀመጣለች። መንገዱ መሃል ላይ መኪናዋ ቋ ብላ ለሁለት ትከፈላለች። አባቴ "በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል" እያለ ለራሱ እያወራ በግማሽ መኪና ይሄዳል፤ አክስቴ በሌላኛዋ ግማሽ ሻንጣዋን አቅፋ መንገድ ላይ ትቀራለች። ደግሞ አታለቅስም፤ እጇን ታውለበልብልናለች። በዓይነ ህሊናዬ ያየሁት ይህን ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ምግብ ከለከለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት በያጁ የዛገውን ቆርጦ ተካ፤ ከዚያ ወደ አራቱ መስመሮች ገባ። ጥቁር መስታወት ያለው ጭንብሉን ፊቱ ላይ ሲያወርድ ሰው መሆኑ ያበቃል። ብርሃኑ ግቢውን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ብልጭታው እንደ ጥሬ ይበተናል፤ አየሩ የተቃጠለ ሳንቲም ይሸታል። "እሳቱን እንዳታዪ፤ ዓይንሽ ይጠፋል" ተብያለሁ። ስለዚህ ከውሃ በርሜሉ ጀርባ ተደብቄ ጥላውን ነበር የማየው።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ዓይን ቀላ። ጠዋት ስትነሣ ያበጠ ነው፣ ማታም ያበጠ ነው። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ እሳቱን አይታለች! የበያጅ እሳት ያየ ሰው ጥሬ ድንች ተቆርጦ ዓይኑ ላይ እንደሚደረግለት ከሰፈር ልጆች ሰምቻለሁ። ድንች ቆርጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ለሥራ የተሰፋላት አዲስ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ እማማ ጫፉን የምታጥፍበትን ቦታ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ፣ በዚያች ጠፍጣፋ ሰማያዊ ስባሪ፣ ምልክት አድርጋበታለች። አክስቴ ትራሷ ላይ ተደፍታለች።

"ተገልበጪ፤ መድኃኒት አምጥቼልሻለሁ" አልኳት።

ተገለበጠች። ድንቹን ሁለቱም ዓይኗ ላይ አስቀመጥኩላት። በድንቹ ሥር እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

"መድኃኒቱ እየሠራ ነው" አልኩ።

"አዎ፣ በጣም እየሠራ ነው" አለችኝ፤ ሳቀች፣ ከዚያ የባሰ አለቀሰች።

ለካ መሄዱን አልፈለገችም ነበር። እኔ ይህን ለማወቅ ትልቅ ሴት መሆን ነበረብኝ። ለነገሩ እሳቱንም አይታው ነበር፤ በመስኮት፣ በየቀኑ፣ ሰዓት ቆጥራ።

ደግሞ የቤት ልብሷ ጫፍ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መታየት ጀመሩ። እማማ ልብሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችና "ብል ገብቷል!" ብላ ጮኸች። ቁም ሣጥኑ ተራገፈ፣ ልብስ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ የብል መድኃኒት በየኪሱ ተከተተ፤ አባቴ ክፍል ውስጥ ጠመኔ አወጣለሁ ብሎ የብል መድኃኒት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ፈገፈገ። ቀዳዳው ግን ጨመረ። ብል እሳት እንደማይረጭ፣ ቀዳዳዎቹም ዳርቻቸው ጠቁሮ እንደነበር ማንም አላስተዋለም። የሰባት ዓመቷ እኔም፣ አርባ ዓመት የሰፋችው እማማም። ይመስለኝ ነበር።

እኔ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ከምሳ በኋላ እማማ ወንበሯ ላይ ታሸልባለች፤ በያጁም ለምሳ ይወጣል። ከአባቴ ሌላኛው ኮት ጠመኔ ሰረቅኩ። አክስቴ ከምትቀመጥበት በር ሥር ጀመርኩ። መጋጠሚያውን ተከትዬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ እስከ በሩ እጀታ ድረስ አሰመርኩ። ከዚያ በላይ እጄ አይደርስም። ጨርሼ በርሜሉ ጀርባ ገባሁ።

በያጁ ተመለሰ። ጭንብሉን አንስቶ ሊያጠልቅ ሲል መስመሩን አየ። ተቀመጠና አየው። ቆመና አየው። ቁመቱን በመዳፉ ለካ። ወደ ቤቱ መስኮት አየ። በመጨረሻ ወደ በርሜሉ አየ፤ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ጫማዬ ከበርሜሉ ሥር ወጥቶ እንደሚታይ አላወቅኩም።

"እንግዲህ" አለ ጮክ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ጠመኔ ያለበት ይበየዳል።"

ጭንብሉን አወረደ።

ያን ቀን እራቴን ሁለት ጊዜ በላሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰኝ! በየቀኑ አንድ መጋጠሚያ እጨምራለሁ፤ በየቀኑ ይበየዳል። የዚህ ሥራ ጥሩ ነገሩ ጠመኔው ከእሳቱ ጋር ተቃጥሎ መጥፋቱ ነው፤ ምስክር አይቀርም። አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መኪናዋ አጠገብ ይቆማል።

"አራት ቀን አልነበረም እንዴ?"

"ላሜራው ሳስቷል ጋሼ" ይላል በያጁ ወደ መሬት እያየ።

"በአንድ በኩል የአራት ቀን ሥራ ነው..." ይልና አባቴ ዳሰስ አድርጎ፣ "በሌላ በኩል እውነትም ሳስቷል" ብሎ ይገባል። አባቴ ስለ ላሜራ የሚያውቀው እኔ ስለ አልጀብራ የማውቀውን ያህል ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የሚያስደነግጥ ነገር ሆነ። እኔ ያልነካሁት ቦታ ላይ ጠመኔ አየሁ። ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ ከራሴ በላይ፣ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነጭ መስመር። አሰብኩ፣ አሰብኩና ደረስኩበት፤ ሟቹ አያቴ ነው! መኪናዋ እንዳትሰነጠቅበት ከሰማይ ወርዶ እየረዳኝ ነው። ይህን ያረጋገጠልኝ ደግሞ ሌላ ቀን ወለሉ ላይ፣ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ ያየሁት መስመር ነው። ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ጠመኔ ከሰማይ ካልመጣ ከየት ይመጣል?

ለምስጋና የኋላ መቀመጫው ላይ ብስኩት አስቀመጥኩለት። በማግስቱ ብስኩቱ የለም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አስቀምጣለሁ፣ በየቀኑ ይጠፋል። አያቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ተቀራርበን አናውቅም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ከታላቅ ወንድማቸው ቴሌግራም መጣ። "የት ደረሰች? እስከ ዓርብ ብቻ ይጠብቃሉ" ይላል።

"ዓርብ!" አለች እማማ። "ምን ይሁን ትላላችሁ? መኪናዋ አላለቀችም። ልጁ እየሠራ ነው፤ የሚሠራ ሰው አይጣደፍም።" አክስቴ ሻንጣዋን ዘግታ ከፈተች፣ ከፍታ ዘጋች። እኔ ደግሞ ተደሰትኩ፤ ገና ያልተበየደ የቀኝ የኋላ በር ነበረኝ።

ጋሽ መዶሻ የተመለሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ገና ከግቢው በር እያለ ፈገግ ብሎ ነበር። መኪናዋ አጠገብ ደረሰና እንደ ልማዱ በጣቱ አንጓ አንኳኳ። ድሮ ቆርቆሮ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ነበር የምታሰማው። አሁን ግን እንደ ደወል ጮኸች። ፈገግታው ጠፋ። ዞሮ ሌላ ቦታ አንኳኳ፤ ደወል። ጣሪያዋን፤ ደወል። ክሪክ አስገብቶ አንዱን ጥግ ወደ ላይ አነሣው፤ መኪናዋ በሙሉ እንደ ጠረጴዛ ባንድ ላይ ተነሣች፤ አንዲት ሲጥታ እንኳ አላሰማችም። የቀኝ የኋላ በሯን ሊከፍት ሳበ። እምቢ አለ። እግሩን ደግፎ ሳበ። እጀታው እጁ ላይ ቀረ።

"ይህ መኪና ነው ወይስ ካዝና?" አለ ቀስ ብሎ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "አራት ቦታ! አራት! ማስመሪያ ተይዞ የተሰመረ አራት ቦታ! አንተ ልጅ፣ ምን ብዬህ ነበር?"

"ጠመኔ ያለበት ይበየዳል ብለውኛል" አለ በያጁ።

"ማነው ታዲያ ይህን ሁሉ ጠመኔ ያደረገው?"

አባቴ ኪሱን ዳበሰ። ጠመኔውን አወጣና እሱም ተጠርጣሪ የሆነ ይመስል አየው። እኔ ከበርሜሉ ጀርባ ወጣሁ። ልክ እንደ ክፍል ውስጥ እጄን አነሣሁ። አፌን ስከፍት ግን ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ!" አለ በያጁ።

"እኔ ነኝ!" አለች አክስቴ ከበረንዳው።

ተያዩ። በያጁ የብየዳ እሳት ያህል ቀላ። አክስቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሽ መዶሻ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየና መዶሻውን ወደ ኪሱ መለሰ።

እኔ እጄን እንዳነሣሁ ቆሜ ቀረሁ። እንባዬ መጣ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ለእኔ ሲሉ ዋሹ! ቅጣቴን ሊቀበሉልኝ! እንደዚያ ቀን ተወድጄ አላውቅም፤ ሠርጌንም ጨምሮ።

"በቃ!" አለች እማማ። እጇን ሽርጧ ሥር ደብቃ፣ የማትፈልገውን ወሬ እንደምታቋርጥ ቸኩላ ተናገረች። "ማን ጠመኔ ያዘ፣ ማን አልያዘ እያላችሁ ልጅ አታስለቅሱ! የሆነው ሆኗል። በማይከፈት በር ልጄን መንገድ አልሰድም። ሥራውም ለሌላ ይሰጥ፤ ሥራ እንደሆነ እዚህም አለ።"

እሷም ለእኔ እንደተከላከለችልኝ ገባኝ። ሮጬ ሽርጧ ላይ ተጠመጠምኩ። እጇን ግን ከሽርጡ ሥር አላወጣችውም።

አክስቴ የቄራ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆና ተቀጠረች። በስድስተኛው ወር ጋሽ መዶሻ ኮቱን አስተኩሶ፣ መዶሻውን ግን ኪሱ እንደያዘ፣ አክስቴን ለበያጁ ሊለምን መጣ። "ጥፋቱን የሠራው እሱ ነው፤ ይካሳችሁ" አለ። የሠርጉ ለት ሙሽሮቹ የሄዱት በዚያችው መኪና ነው። የቀኙ በር እንደተዘጋ ነበርና አክስቴ በግራ በኩል፣ ቬሏን ጥርሷ ላይ ይዛ፣ በሙሽራው ጭን ላይ ተራምዳ ነው የገባችው። እማማ "ቀስ! ቀስ!" እያለች በሩን የራሷ እግር ላይ ልትዘጋው ምንም አልቀራት።

መኪናዋ በሁለተኛው ዓመት ተሰነጠቀች። ብየዳው ላይ አይደለም፤ ከብየዳው ጎን በአንድ ጣት ርቀት። ጋሽ መዶሻ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ እየጠራ ስንጥቁን አሳየ። እማማን ግን አልጠራትም፤ ጨዋ ሰው ነበር።

ባለፈው ዓመት አክስቴን ልጠይቃት ሄጄ ነው ነገሩን ያነሣሁት። ሁለቱም አርጅተዋል፤ እሷ መስማት፣ እሱ ማየት ይቸግራቸዋል፤ አንዱ ለሌላው እየነገረ ይኖራሉ። ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን ምስጋና አወጣሁ።

"ያን ቀን ለእኔ ብላችሁ ዋሻችሁ። አልረሳሁትም" አልኳቸው።

"ምን አለች?" አለች አክስቴ።

ባሏ ጆሮዋ ውስጥ ነገራት። ትን እስኪላት ሳቀች።

"ለአንቺ? አይ የኔ እናት! ጣሪያው ላይ ያለውን ማን ያሰመረው መሰለሽ? አንቺ እኮ ይህን ነበር የምታክዪው!" መዳፏን ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

"እኔ ብዙ እጅ እንደነበረበት አውቅ ነበር" አለ ባሏ የማያየውን ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ። "የአንቺ እንደ ትል ይጥመዘመዛል፤ እስከ በሩ እጀታ ነው። የእሷ ቀጥ ያለ ነው፤ ከላይ ነው። እኔም ዓርብ ሊቀርብ ሲል ትንሽ ጨምሬያለሁ፤ አልዋሽም። ብስኩቱም ጥሩ ነበር።"

"ብስኩቱን አንተ ነህ የበላኸው?"

"ታዲያ ማን ይብላው?"

ለሟቹ አያቴ ትንሽ አዘንኩ። ከዚያ ቆጠርኩ። ነጩ የእኔ፣ ነጩ የእሷ፣ ነጩ የእሱ።

"ሰማያዊውስ?" አልኩ።

አክስቴ ያን ጊዜ ያላስፈለጋት ድንች አሁን ያስፈለጋት ይመስል ዓይኗን በጣቷ ተጫነች።

"ሰማያዊ ጠመኔ በዚያ ቤት ማን ነበረው?" አለች።

መድኃኒት በየኪሱ የከተተችው፣ "ብል ገብቷል" ብላ የጮኸችው፣ ደብዳቤው ሲነበብ ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው እማማ። ወንበሯ ላይ ታሸልባለች ብዬ ጠመኔ ስሰርቅ ዓይኗን ጨፍና የሰማችኝ እማማ። በዚያ ወገቧ ከኋላ መቀመጫው ሥር ጎንበስ ብላ ገብታለች! ሂጂ ብላ አጨብጭባ፣ አትሂጂ ማለት አፏ አልችል ብሎ፣ በጠመኔ ጻፈችው።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኩት። እየሳቀ ሰማኝ። "እሺ አያቴ፣ አራት ቦታ ብቻ" አለኝ፤ በነጭ ቀለም አራት ቦታ ምልክት አደረገ። በሚቀጥለው ሳምንት በያጅ ይመጣለታል፤ ከዚያ ይሄዳል። እኔም ደስ ብሎኛል ብያለሁ፤ አጨብጭቤያለሁ። ሥራ ነው። ዕድሜው ነው። ልጅ ለመሄድ ነው የሚያድገው።

ዛሬ ጠዋት ጫማውን ሳያስር፣ ሻዩን ሳይጠጣ ወደ ግቢ ወጣ። ወዲያው ሲጮህ ሰማሁት።

"አያቴ! ኧረ አያቴ! ወለሉ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ምንድን ነው?"

ወገቤን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ ነበር ያደረው። እጄን ሽርጤ ሥር አድርጌ ወደ መኪናዋ አየሁ።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ?" አልኩት። "ግን ላሜራው ሳስቷል።"